ሳጉ (አጭር የቮልቴጅ መውረድ) ከኛ ነው ወይስ ከመስመሩ? 400 ቮልት መግቢያ ላይ የተያዙ ሦስት ኢቬንቶች

ፕላንት_ሜንቴናንስ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ከ15 ኪሎ ቮልት መስመር የሚመገብ ፋብሪካ ነው። ሁለት 1250 ኬቪኤ ትራንስፎርመር በፓራለል፣ 15/0.4፣ ዲዋይኤን11 (ፕራይመሪው ዴልታ፣ ሴኮንደሪው ኒውትራል ያለው ዋይ)፣ ኢምፒዳንስ 6 በመቶ። ሰብስቴሽኑ 132/15፣ 25 ኤምቪኤ፣ 10 በመቶ፤ ከዚያ እስከ እኛ 6 ኪሎ ሜትር የአየር መስመር አለ። ጭነታችን 850 ኪሎ ዋት አካባቢ ነው፦ ድራይቮች (የሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያዎች)፣ በቀጥታ የሚሠሩ ሞተሮች፣ እንዲሁም በስታር ዴልታ የሚነሱ ሁለት 160 ኪሎ ዋት ኮምፕረሰሮች።

ድራይቮቹ በ«አንደር ቮልቴጅ» ትሪፕ እያደረጉ (ራሳቸውን እያጠፉ) አስቸግረዋል። መስመሩን የሚያስተዳድረው ወገን «ከረንታችሁ ሲዘል ይታያል፣ ስለዚህ ችግሩ ከናንተ ሞተር ነው» ይላል። ክላስ ኤ (ከፍተኛ ትክክለኛነት ያለው) መለኪያ 400 ቮልት ዋና መግቢያ ላይ ታስሮ የተያዘው ይህ ነው፦

ኢቬንት 1፦ 90 ሚሊ ሰከንድ። በፌዞቹ የቀረው ቮልቴጅ ከመደበኛው 58፣ 61 እና 99 በመቶ። ከረንት በየፌዙ 1400 አምፔር ነበር፤ በሳጉ ጊዜ 700፣ 1100 እና 1770 ሆነ። ድራይቮች ወደቁ።

ኢቬንት 2፦ 4.5 ሰከንድ። ሦስቱም ፌዝ 87 በመቶ፣ ቀስ እያለ ተመለሰ። ከረንት ከ1400 ወደ 1480። የወደቀ ነገር የለም።

ኢቬንት 3፦ 380 ሚሊ ሰከንድ፣ ሦስቱም 76 በመቶ። ከግማሽ ሰከንድ በኋላ ያው ተደገመ። መብራት አልጠፋም፣ ድራይቮች ግን ወደቁ።

በ1 እና በ2 ከረንት መጨመሩ እውነት ነው። ታዲያ ጥፋቱ የኛ ነው?

ሪሌ_ሰፈር፦

ከሁሉ በፊት የሲቲውን (የከረንት ትራንስፎርመሩን) አቅጣጫ አረጋግጥ። የሳግ ምንጭ ፍለጋ የሚበላሸው በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው። ክላምፕ ከሆነ ቀስቱ ወደ ጭነት መመልከት አለበት፤ ቋሚ ሲቲ ከሆነ ፒ1 የሚል ምልክት ያለበት ጎን ወደ ምንጩ። ቀስቱን በዓይን ማየት ብቻ አይበቃም፤ ጭነት ላይ ሆነህ የእያንዳንዱን ፌዝ ኪሎ ዋት ለየብቻ አንብብ። ሦስቱም ፖዘቲቭ፣ ሦስቱም ተቀራራቢ፣ ፓወር ፋክተራቸውም ለጭነትህ የሚመስል መሆን አለበት። አንዱ ክላምፕ ከተገለበጠ ወይም የፌዝ 2 ክላምፕ ፌዝ 3 ላይ ከታሰረ፣ ጠቅላላ ኪሎ ዋቱ ወደ አንድ ሦስተኛ አካባቢ ይወርዳል፤ «ጭነቱ ዝቅ ብሏል» ብለህ ልታልፈው ትችላለህ፤ የአቅጣጫ ስሌቱ ግን ሙሉ በሙሉ ይዋሻል። የቮልቴጁን የፌዝ ቅደም ተከተልም እይ፤ ከተገለበጠ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ሲኩዌንስ (ሦስቱ ፌዞች በስሌት የሚከፈሉባቸው፣ በትክክለኛውና በተገላቢጦሽ ቅደም ተከተል የሚዞሩ ሚዛናዊ ክፍሎች) ቦታ ይለዋወጡብሃል።

ሌላ፣ «ከላይ» እና «ከታች» ስንል መልክዓ ምድር አይደለም። ከመለኪያው ወደ ጭነት ያለው ከታች ነው። የቀረው ሁሉ፣ ከናንተ አልፎ ፊደሩ (ከሰብስቴሽኑ የሚወጣው መስመር) ጫፍ ላይ ያለ ጎረቤት ሳይቀር፣ ከላይ ይባላል።

«ከረንት ከጨመረ ከታች ነው» የሚለው አባባል ጭነቱ ማሞቂያና አምፖል ብቻ ቢሆን ኖሮ ይሠራ ነበር። ሞተርና ድራይቭ ባለበት አይሠራም።

ኮምትሬድ፦

ኢቬንት 1ን በየፌዙ ከረንት ማየት ትርጉም የለውም፤ ወደ ሲኩዌንስ ቀይረው። ፋይሉን በኮምትሬድ (የዌቭፎርም መመዝገቢያ) ፎርማት አውጣ፣ የአንድ ሳይክል ፉሪየር ውሰድ፣ ፌዘሩን (መጠኑንና አንግሉን) ሳጉ ከጀመረ ከ30 እስከ 60 ሚሊ ሰከንድ ባለው ላይ አንብብ። ከዚያ በፊት ካነበብክ መስኮቱ ግማሹን ከሳጉ በፊት ያለውን ይይዛል፤ ሞተሮችም በመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ሳይክሎች ወደ ፎልቱ (ሾርት ሰርኪቱ) ስለሚመግቡ ምስሉ ይረበሻል።

የሚፈለገው ሬሾ የፖዘቲቭ ሲኩዌንስ ቮልቴጅ ለውጥ ሲካፈል ለከረንቱ ለውጥ ነው። ፎልቱ ከላይ ከሆነ ውጤቱ የጭነትህ ኢምፒዳንስ ይሆናል፦ ሬዚስታንሱም ሪአክታንሱም ፖዘቲቭ፣ አንግሉ ከ0 እስከ 90። ከታች ከሆነ ከጀርባህ ያለው ምንጭ ኢምፒዳንስ በኔጌቲቭ ምልክት ይወጣል፣ አንግሉ -100 አካባቢ። ልዩነቱ ሰፊ ስለሆነ ትንሽ የመለኪያ ስህተት አያሳስትህም።

አንድ ጥንቃቄ። ፍሪኩዌንሲው ልክ 50 ካልሆነ ከሳጉ በፊት የተወሰደው ፌዘር በራሱ ይሽከረከራል። 49.8 ላይ ከሆነ በሰከንድ 72 ዲግሪ፣ ማለትም በ100 ሚሊ ሰከንድ 7.2 ዲግሪ። ትክክለኛውን ፍሪኩዌንሲ ለክተህ ማስተካከል ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ የማይኖር ለውጥ ታያለህ።

የሲኩዌንስ ቁጥሮቹን ለጥፍልን።

ፕላንት_ሜንቴናንስ፦

የሦስቱም ፌዝ ኪሎ ዋት ፖዘቲቭ፣ ቀስቶቹም ወደ ጭነት። ኢቬንት 1፦ ቮልቴጅ ፖዘቲቭ ሲኩዌንስ ከ230 በ0 ዲግሪ ወደ 156 በ-4። ከረንት ከ1400 በ-28 ወደ 805 በ-17። ኔጌቲቭ ሲኩዌንስ ቮልቴጅ 74 ቮልት፣ ከረንት 980 አምፔር፣ ቮልቴጁ ከረንቱን በ75 ዲግሪ ይቀድማል።

ኮምትሬድ፦

ግልጽ ነው። የቮልቴጅ ለውጡ 75 ቮልት በ-172 ዲግሪ፤ የከረንት ለውጡ 627 አምፔር በ138። ሬሾው 0.12 ኦም በ50 ዲግሪ። ከላይ ነው።

ያ 1770 አምፔር ከየት መጣ ካላችሁ ከኔጌቲቭ ሲኩዌንሱ ነው። የዞረ ሞተር ለኔጌቲቭ ሲኩዌንስ የሚያሳየው ኢምፒዳንስ ቆሞ ሲነሳ ከሚያሳየው ጋር ይቀራረባል፣ ከ15 እስከ 20 በመቶ ገደማ። ስለዚህ 32 በመቶ ኔጌቲቭ ሲኩዌንስ ቮልቴጅ ሲመጣበት ከሬትድ ከረንቱ በእጥፍ የሚጠጋ ይስባል። ይህ በአንዱ ፌዝ ላይ ከፖዘቲቩ ጋር ይደመራል፣ በሌላው ላይ ይቀንሳል። የፖዘቲቭ ሲኩዌንስ ከረንትህ ግን ከ1400 ወደ 805 ወርዷል። ፎልቱ ውጭ ሆኖ ሳለ አንድ ፌዝ ላይ ከረንት «ሲዘል» የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው።

ኔጌቲቭ ሲኩዌንሱ ሌላ ጥቅም አለው፦ ከሳጉ በፊት ዜሮ አካባቢ ስለሆነ መቀነስ አያስፈልገውም፣ የፍሪኩዌንሲ ጣጣም የለበትም። ቮልቴጅ ሲካፈል ለከረንት፣ 74 ለ980፣ 0.075 ኦም በ75 ዲግሪ። ፖዘቲቭ አንግል፣ አሁንም ከላይ። ሚዛኑ የተዛባ ሳግ ሁሉ ላይ እኔ መጀመሪያ የማየው ይህንን ነው።

ዋት_ሰዓት፦

ይህ ሁሉ የፌዘር ጣጣ ለምን? ዲስተርባንስ ኢነርጂ አለላችሁ፤ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ታትሞ የሚታወቅ ዘዴ ነው። የሦስቱን ፌዝ ቅጽበታዊ ኃይል ከሳምፕሎቹ አስላ፣ ከሳጉ በፊት የነበረውን ቋሚ ኃይል ቀንስ፣ ቀሪውን በጊዜ ደምር። ድምሩ ፖዘቲቭ ከሆነ ከታች፣ ኔጌቲቭ ከሆነ ከላይ።

በኢቬንት 1 ከ853 ኪሎ ዋት ወደ 420 አካባቢ ወርዷል። ልዩነቱ በ90 ሚሊ ሰከንድ ሲደመር ወደ -39 ኪሎ ጁል ይሆናል። አበቃ። በኤክሴል አሥር መስመር ነው።

ሪሌ_ሰፈር፦

@ዋት_ሰዓት ለኢቬንት 1 ልክ ነህ። ለኢቬንት 2 ሞክረው እስቲ። ድራይቭ ኮንስታንት ፓወር ጭነት ነው፤ ቮልቴጅ ሲወርድ ከረንት ጨምሮ ያንኑ ኪሎ ዋት ይወስዳል። የዲስተርባንስ ኃይሉ ዜሮ ዙሪያ ይዋልላል፣ ምልክቱን የሚወስነው ኖይዝ ይሆናል።

ፕላንት_ሜንቴናንስ፦

ኢቬንት 2፦ 230 በ0 ወደ 200 በ0። ከረንት 1400 በ-28 ወደ 1480 በ-19። ሳስላው ሬሾው 0.125 ኦም በ133 ዲግሪ ሆነ። አንደኛውም ሦስተኛውም ሩብ ውስጥ የለም። ሬዚስታንሱ ኔጌቲቭ ስለሆነ፣ የሬዚስታንስ ምልክት ዘዴ የሚሉት «ከታች» ይለኛል።

ኮምትሬድ፦

የሬዚስታንስ ምልክት ብቻውን የማልወደው ለዚህ ነው። በዚህ ደረጃ ላይ የምንጩ ኢምፒዳንስ በአብዛኛው ሪአክታንስ ስለሆነ ሬዚስታንሱ ትንሽ ነው፤ ድራይቭ ሲጨመርበት ደግሞ ጭነቱ ራሱ ኔጌቲቭ ሬዚስታንስ ሆኖ ይታያል። አንግሉ ሲያወላውል መጠኑን እይ።

ምንጭህን አስላው። ትራንስፎርመሮቹ፦ 400 ቮልት ስኩዌር ሲካፈል ለ2.5 ኤምቪኤ 0.064 ኦም ነው፤ የዚያ 6 በመቶ 0.0038። ሰብስቴሽኑ፦ 25 ኤምቪኤ በ10 በመቶ 250 ኤምቪኤ ሾርት ሰርኪት ይሰጣል፤ በ15 ኪሎ ቮልት 0.9 ኦም (የ132ቱን ኢምፒዳንስ ትቼ)። መስመሩ 95 ስኩዌር ሚሊ ሜትር አሉሚኒየም ከሆነ በኪሎ ሜትር ሬዚስታንሱ 0.3፣ ሪአክታንሱ 0.35 ኦም ውሰድ፤ 6 ኪሎ ሜትሩ 1.8 እና 2.1 ይሆናል። የ15ቱን ወደ 400 ቮልት ለማምጣት በ0.00071 አባዛ። ሁሉም ሲደመር 0.006 ኦም ገደማ፣ አንግሉ 78 ዲግሪ።

ስለዚህ ምክንያቱ ከታች ቢሆን ኖሮ ሬሾው 0.006 ኦም በ-102 ዲግሪ አካባቢ መውጣት ነበረበት። የወጣው ሃያ እጥፍ ነው። በሌላ አነጋገር፣ በ0.006 ኦም ላይ 30 ቮልት ለመጣል 5000 አምፔር ተጨማሪ ከረንት ያስፈልጋል። የናንተ ለውጥ 240 ነው። ኮምፕረሰራችሁ ሬትዱ 280 አምፔር ቢሆን በስታር ሲነሳ 560 ይወስዳል፣ 3.4 ቮልት ይጥላል፣ 1.5 በመቶ። በቀጥታ እንኳ ቢነሳ ከ5 በመቶ አያልፍም። ሞተራችሁ ይህንን ሳግ ሊፈጥር አይችልም።

ከመስመሩ አስተዳዳሪ ጋር ስትነጋገሩ ይህንን ስሌት ይዛችሁ ሂዱ፤ ከአንግል ክርክር ይልቅ በቀላሉ ይገባል።

ሪሌ_ሰፈር፦

በቅርጹም ይለያል። ፎልት በድንገት ወርዶ በድንገት ይመለሳል፤ ሁለቱም ጫፎች ቀጥ ያሉ ናቸው። ትልቅ ሞተር ሲነሳ በድንገት ይወርዳል፣ ሦስቱም እኩል፣ ሞተሩ ፍጥነት ሲይዝ ቀስ ብሎ ይመለሳል፤ ኢቬንት 2 ይህ ነው። ትራንስፎርመር ኢነርጃይዝ ሲደረግም ቀስ ብሎ ይመለሳል፣ ግን ሦስቱ ፌዞች አይመጣጠኑም፣ ሁለተኛ ሃርሞኒክም በግልጽ ይታያል።

የኢቬንት 2 ባለቤት ከናንተ ጋር አንድ ፊደር ላይ ያለ ይመስለኛል። 13 በመቶ ማለት 15ቱ ላይ በፌዝ 1126 ቮልት ነው። እናንተ ጋ ያለው ኢምፒዳንስ 3.5 ኦም ስለሆነ ወደ 320 አምፔር፣ 8.3 ኤምቪኤ የመነሻ ኃይል ይጠይቃል። በቀጥታ የሚነሳ ከ1 ሜጋ ዋት ትንሽ ከፍ ያለ ሞተር ነው፤ ክሬሸር፣ ወፍጮ፣ ትልቅ ፓምፕ። ሰብስቴሽኑ ባስባር (ፊደሮቹ ሁሉ የሚነሱበት የጋራ ማገናኛ) ላይ ወይም ሌላ ፊደር ላይ ቢሆን ግን ይህንኑ 13 በመቶ ለመጣል ከ30 ኤምቪኤ በላይ ያስፈልግ ነበር፤ 25 ኤምቪኤ ትራንስፎርመር ላይ እንዲህ ያለ ሞተር ማን ያስነሳል!

ዲዋይኤን፦

ስለ ኢቬንት 1 ልጨምር። 58/61/99 የፎልቱን ዓይነት ይናገራል። በዴልታ/ዋይ ትራንስፎርመር ፕራይመሪ በኩል አንድ ፌዝ ከመሬት ጋር ሙሉ በሙሉ ሲገናኝ ሴኮንደሪው ላይ 58፣ 58፣ 100 ይታያል። ሁለት ፌዝ እርስ በርስ ሲገናኙ ደግሞ 87፣ 87 እና ዜሮ። ሁለተኛ ዴልታ/ዋይ መሐል ከገባ ያው የአንድ ፌዝ ፎልት 33፣ 88፣ 88 ሆኖ ይደርሳል። ስለዚህ በናንተና በፎልቱ መካከል ስንት ዴልታ/ዋይ እንዳለ ቁጠሩ፤ የሰብስቴሽኑን ትራንስፎርመር ቬክተር ግሩፕ (የጥቅልሎቹን አያያዝ) ከስም ሰሌዳው ላይ አንብቡ።

የ15 ኪሎ ቮልቱ ኒውትራል ከመሬት ጋር በምን እንደታሰረም ጠይቁ። በሬዚስታንስ ከተያዘ ወይም ጨርሶ ካልታሰረ፣ 15ቱ ላይ የሚፈጠር የአንድ ፌዝ ፎልት ከዴልታው በታች ሳግ ሆኖ አይታይም ማለት ይቻላል። እንደዚያ ከሆነ ኢቬንት 1 ከ132ቱ ነው። 90 ሚሊ ሰከንዱም ወደዚያ ያደላል፤ የዲስታንስ ሪሌ (ፎልትን በርቀቱ የሚለይ የመስመር ጥበቃ) ዞን 1፣ ማለትም ሳይዘገይ የሚሠራው ክልል፣ ከብሬከሩ ጋር ተደምሮ ከ60 እስከ 100 ይፈጅበታል። ዞን 2 ቢሆን ኖሮ 300 እና ከዚያ በላይ ይሆን ነበር። 15ቱ ላይም ኢንስታንቴኒየስ (ሳይዘገይ የሚሠራ ጥበቃ) የተከፈተለት ፊደር በዚያው ጊዜ ስለሚያጠፋ፣ ጊዜውን ብቻ ይዛችሁ አትደምድሙ።

ፊደር_ሰባት፦

ኢቬንት 3 የጎረቤት ፊደር ነው። ሦስት ፌዝ፣ 380 ሚሊ ሰከንድ የታይም ኦቨርከረንት (በመዘግየት የሚሠራ የከረንት ጥበቃ) ጊዜ፣ ከዚያ ሪክሎዝ (ብሬከሩ በራሱ መልሶ ሲዘጋ)፣ እንደገና ያው ፎልት። እናንተ ጋ መብራት ስላልጠፋ የራሳችሁ ፊደር ብሬከር አልተከፈተም።

ርቀቱንም መገመት ይቻላል። ባስባሩ ላይ የሚቀረው ቮልቴጅ የመስመሩ ኢምፒዳንስ ሲካፈል ለመስመሩና ለምንጩ ድምር ነው። ከላይ በተሰጡት ቁጥሮች ፎልቱ 1 ኪሎ ሜትር ላይ ሲሆን 36 በመቶ ይቀራል፣ በ2 ኪሎ ሜትር 54፣ በ5 ኪሎ ሜትር 76፣ በ10 ኪሎ ሜትር 87። ከ14 ኪሎ ሜትር በላይ ከ90 ስለሚበልጥ መለኪያችሁ ሳግ ብሎ አይመዘግበውም። ስለዚህ 5 ኪሎ ሜትር አካባቢ። ግን ከዚያው ባስባር ስድስት ፊደር ከወጣ ስድስት «5ኛ ኪሎ ሜትር» አለ። የትኛው እንደሆነ የሚለየው የሪሌ መዝገብ ነው፦ በዚያ ሰዓት ሁለቴ የተከፈተ፣ የፎልት ከረንቱ 2800 አምፔር አካባቢ የሆነ ፊደር። ከረንቱ ካልገጠመ ወይ የምንጩን ኢምፒዳንስ አሳንሰናል፣ ወይ የፎልት ሬዚስታንስ አለ።

መዝገብ ስትጠይቁ የ15 እና የ33ቱ ከኤሌክትሪክ አገልግሎት፣ የ132 እና ከዚያ በላይ ያለው ከኤሌክትሪክ ኃይል መሆኑን አትርሱ። ደብዳቤው የተሳሳተ ቢሮ ከሄደ ጊዜ ይበላል።

ሰብስቴሽን_ሺፍት፦

ሰዓቱን አደራ። መለኪያችሁ ዩቲሲ ላይ ከሆነ ከኛ 3 ሰዓት ወደኋላ ነው። የእጅ መዝገቡ በኢትዮጵያ ሰዓት ተጽፎ ከሆነ ደግሞ ሌላ 6 ሰዓት፤ «ሌሊት 8፡15» ማለት መለኪያው በአገሩ ሰዓት ቢሞላ 02፡15 ነው። ቀኑም እንደዚሁ፦ በኛ አቆጣጠር ቀን የሚለወጠው ንጋት 12 ሰዓት ላይ ስለሆነ፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ የሆነው በመዝገቡ የትናንት ቀን ሥር ሊገኝ ይችላል። የሪሌው ሰዓትም ጂፒኤስ ከሌለው ደቂቃዎች ሊዛነፍ ይችላል። በሰዓት ሳይሆን በክፍተት አገናኙ፦ በሁለቱ ሳጎች መካከል ያለው ግማሽ ሰከንድ ሪሌው ላይም ግማሽ ሰከንድ መሆን አለበት።

ፕላንት_ሜንቴናንስ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። መለኪያውን 15 ኪሎ ቮልቱ መለኪያ ፓነል ላይ ብናዞረው ይሻላል? ድራይቮቹስ በነዚህ ሳጎች መውደቅ ነበረባቸው?

ዲዋይኤን፦

15ቱ ላይ ማሰር ጥሩ ነው፣ የፎልቱ ዓይነት ሳይቀየር ይታያል። ግን ፓነሉ ውስጥ ሁለት ፒቲ (የቮልቴጅ ትራንስፎርመር) በክፍት ዴልታ ብቻ ካሉ የላይን ቮልቴጅ እንጂ የፌዝ ቮልቴጅ አታገኝም፤ ዜሮ ሲኩዌንስ የለም። ለአቅጣጫ ግን ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ይበቃሉ። የሂሳብ መለኪያውን ሲቲ ከሆነ የምትጠቀመው በፈቃድ ይሁን፣ በሴኮንደሪው ላይ ክላምፕ ብቻ አድርግ፤ የሲቲ ሴኮንደሪ በጭነት ላይ ሳለ ፈጽሞ አይከፈትም። ገደቡን 90 በመቶ፣ ሂስቴሪሲሱን (ሳጉ አበቃ ለማለት ከገደቡ በላይ የሚጠበቀውን ጭማሪ) 2 በመቶ አድርገው፤ ከሳጉ በፊት ቢያንስ 10 ሳይክል ዌቭፎርም ይያዝ።

ሪሌ_ሰፈር፦

ድራይቮቹን በተመለከተ፣ ሴሚ ኤፍ47 (ለሴሚኮንዳክተር ፋብሪካ መሣሪያዎች የወጣ የሳግ መቋቋም ደረጃ) መሣሪያው በ50 በመቶ ለ200 ሚሊ ሰከንድ፣ በ70 ለ500፣ በ80 ለ1 ሰከንድ እንዲቆም ይጠይቃል። ድራይቮቹ የወደቁባቸው ኢቬንት 1 እና 3 በዚያ ውስጥ ናቸው። ድራይቮቹ ይህንን ደረጃ የሚያሟሉ ከሆነ ምንጩ ውጭ ቢሆንም መውደቅ አልነበረባቸውም። የድራይቩ መመሪያ ላይ ካይኔቲክ ባፈሪንግ (በሚዞረው ሞተር ጉልበት ሳጉን ማለፍ) እና አውቶ ሪስታርት የሚሉትን ፓራሜትሮች ፈልግ፤ ብዙ ጊዜ ከፋብሪካ ሲወጡ የተዘጉ ናቸው። አውቶ ሪስታርቱን የምትከፍተው ሞተሩ በድንገት ቢነሳ ሰው የማይጎዳበት ማሽን ላይ ብቻ። ከዚያ በፊት ግን የወደቀው ድራይቩ ራሱ ነው ወይስ የመቆጣጠሪያው ኮንታክተር? የኤሲ ኮይል 50 በመቶ አካባቢ ይለቃል፤ ኢቬንት 1 ላይ 58 እና 61 በሆኑት ፌዞች የሚመገብ ኮይል ካለ ጫፉ ላይ ነው። የድራይቩን ፎልት ሂስትሪ አውጣና ዲሲ ባሱ (የድራይቩ ውስጣዊ ዲሲ ቮልቴጅ) ስንት ላይ እንደወደቀ ለጥፍልን።